ያላነበቡት መጽሐፍ

ሐምሌ 4

ዝናብ። ዛሬም ዝናብ። ከመደርደሪያው በላይ ያለው ቆርቆሮ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ባልዲ ደቀንኩ። ባልዲው ሲሞላ ድስቱን ጨመርኩ... ሩዙን በምን ልቀቅል ነው?

መጽሐፍ የማከራየቱ ሥራ ግን ደህና ነው። መነኮሳቱ ለሦስት ወሩ የክረምት ሱባኤ ሊገቡ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰርግ የለ፣ ድግስ የለ። ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ቤቱ የተቀመጠ ደግሞ ወይ ይጣላል ወይ ያነባል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስኬዱ ደንበኞች አሉኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ኮ ሚያት የተከራየውን የመናፍስት ታሪክ መለሰ።

«እህት ቴ፣ ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ አለሽ?»

«ይሄ አላስፈራህም?»

«ኧረ ሽንት ቤት ለመሄድ ሚስቴን ቀስቅሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«እሷም ትፍራ እንጂ!»

ፈልጌ ሰጠሁት። ግን ልክ አልመሰለኝም። የድሮ ደንበኛዬ ኡ ሳን ፕዊንት ታመው ባይቀሩ ሌላ ነገር ይሰጡት ነበር። ምን? አላውቅም። አግዳሚ ወንበራቸው ባዶ ነው። ማንም አይቀመጥበትም፤ እኔም ዕቃ አላስቀምጥበትም።

ሐምሌ 7

ዶ ንዌ ዪን መጡ። የኡ ሳን ፕዊንት ባለቤት።

ጠዋት ጠዋት መንገዱ ጫፍ ላይ ሞሂንጋ ይሸጣሉ፤ የዓሣ ሾርባው ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ዓመት ሱቄ ገብተው አያውቁም። ምሳ ሲደርስ ከደጅ ይቆሙና «ካፒቴን! ሩዙ ቀዘቀዘ! መጽሐፍ ብላ አሉህ?» እያሉ ይጮሁ ነበር። ደንበኛ ሁሉ ይስቃል። ካፒቴኑም ይስቃሉ። የወንዝ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መርከባቸው የኔ አግዳሚ ወንበር ሆነ።

ዛሬ ጃንጥላቸውን ከደጅ አቁመው ገቡ።

«ልጄ፣ አንድ መጽሐፍ ስጪኝ።»

«ለእርስዎ?»

«ለእኔ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል! ለእሱ ነው። የሚያናግር ስጪኝ።»

የሚያናግር... ደነገጥኩ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ፣ ውሃ ከምንረጫጭበት የዘመን መለወጫ በዓል በኋላ ነው ካፒቴኑን ስትሮክ የመታቸው። እግራቸው ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው በከፊል። ምላሳቸው ግን ከበደ። አንድ ጠዋት ሻይ ቤት ሄደው ሻይ ሲያዙ አዲሱ አስተናጋጅ «በጠዋቱ ጠጥተው ነው እንዴ አባባ?» አላቸው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ተነስተው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም። በአገጫቸው እየጠቆሙ ነው የሚኖሩት። የክሊኒኳ ሐኪም ተቆጥታለች አሉ። «ካልሠሩበት እንደዚሁ ይቀራል። በክረምቱ ካልተናገሩ እኔን አይውቀሱ» ብላለች።

ያንን የመሰለ አንደበት! ያ ሰው ዝም ብሎ ሊቀር?

«እጁ መጽሐፍ አይዝም፤ ዓይኑም ይደክማል። እኔው አነብለታለሁ» አሉ ዶ ንዌ ዪን። «ገዳሙ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ የለ? ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

«የባቡሩ ግድያ» የሚለውን የወንጀል ልብ ወለድ ሰጠኋቸው። እሱ ያላናገረ ምን ያናግራል?

ሐምሌ 8

ስለ ካፒቴኑ ሳስብ ዋልኩ።

አባቴ ሱቁን ሲያወርሰኝ መጽሐፍ ማከራየት እንጂ መጽሐፍ መስጠት አላስተማረኝም። ያስተማሩኝ ኡ ሳን ፕዊንት ናቸው። ሰው ሲገባ «ምን ዓይነት ትወዳለህ?» አይሉም። «ምሳ ምን በላህ? ከማን ተጣላህ?» ነው የሚሉት። አንዷ ሴት አማቷ መከራዋን እንደምታበላት ስታወራ የጭራቅ ታሪክ ሰጧት። «ከአማቷ የባሰም እንዳለ ትወቅ» አሉኝ። ሴትዮዋ በማግስቱ እየሳቀች መጣች! ፈተና ለወደቀ ተማሪ የንጉሥ ታሪክ አይሰጡም፤ የወጥ ቤት ቀልድ ይሰጡታል። ባሏ ባሕር ላይ ለሆነ ደግሞ የመርከብ ታሪክ በፍጹም።

«መጽሐፍ አብዝተሽ ካመሰገንሽው ይበላሻል። ጫፉን አሳይተሽ ዝም በይ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን መቼ ዝም ማለት አውቅና...

ሐምሌ 12

ዶ ንዌ ዪን የባቡሩን ግድያ መለሱ። ፊታቸው ጥቁር ብሏል።

«ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ በግራ ጣቱ የአንዱን ስም ጠቆመኝና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ቆይ፣ ገዳዩ እሱ ነው?»

«እሱ ነው...»

«ታዲያ እኔ ለምን አነባለሁ?»

እኔ ጅል! ካፒቴኑ ያላነበቡት መጽሐፍ እዚህ ሱቅ ውስጥ የት አለ? አባቴ በሕይወት እያለ ነው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች የጨረሱት። ሁሉን ላነበበ ሰው ምን ይሰጣል?

ሐምሌ 21

ሸንጎ ተቀመጥን። እኔ፣ ኮ ሚያት፣ መምህርት ኦን ዪ። መምህርቷ ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች፣ የታሪክና የጉዞ መጽሐፍ ካልሆነ የማትነካ ሴት ናት። ልብ ወለድ «ውሸት» ነው ለእሷ። ከካፒቴኑ ጋር በዚህ ሲጨቃጨቁ መስማት እንዴት ደስ ይል ነበር! «ውሸት አይደለም መምህርት፣ ገና ያልሆነ እውነት ነው» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ሲሆን ይጥሩኝ» ትላቸዋለች።

ኮ ሚያት፦ «መንፈስ ነው የሚያስፈልጋቸው። ሰው ሲደነግጥ ይጮሃል። ከጮኸ ተናገረ ማለት ነው።»

መምህርት፦ «ወይም ይሞታል። ከሞተስ ምን ማለት ነው?»

ከቤቷ የራሷን የጉዞ መጽሐፍ አመጣች፤ በዝሆን ተራራ አቋርጦ ስለሄደ ሰው። ከሱቄ የወጣ አይደለም፣ ማንም ጋ የለም፣ በኩራት ነው የዘረጋችው። የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ በእርሳስ የተጻፈ አየሁ። የካፒቴኑ እጅ ጽሑፍ ነው። «መምህርት፣ ደስ ይላል። ዝሆኑ ግን በዛ።»

ለካ ከዓመታት በፊት አውሳቸው ረስታዋለች! ኮ ሚያት በሳቅ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። መምህርቷም ሳቀች፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ የሳቅ እንባ አልነበረም የምትጠርገው።

ነሐሴ 3

ኮ ሚያት የመረጠው የመናፍስት መጽሐፍም አልሠራም። ካፒቴኑ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ የፈሩት ዶ ንዌ ዪን ናቸው።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ አትስጪኝ። የሚያስፈራ ለምን አነባለሁ? የቤቴ ዝምታ አይበቃኝም?»

ወንበር ሰጥቼ ሻይ ቀዳሁላቸው። እኚህ ሴትዮ ከሌሊቱ ጀምሮ ዓሣ ሲፈጩ፣ ጠዋት ሲሸጡ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአራተኛ ክፍል ንባብ ፊደል ሲቆጥሩ ነው የሚውሉት። ባላቸው ጀርባ ሰጥተዋቸው! አንድም ቀን «ሰለቸኝ» ሲሉ አልሰማሁም። እኔ ብሆን? መጽሐፉን ወርውሬ ነበር።

ነሐሴ 5

ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ። ስለ ካፒቴኑ ብቻ ነው የምናስበው። የሚያነቡት ግን ዶ ንዌ ዪን ናቸው። እሳቸው ከማን ተጣሉ? ምሳ ምን በሉ? ማናችንም አልጠየቅንም።

«የማዶዋ ልጅ»ን የመጀመሪያ ክፍል ወስጄ ሞሂንጋው ጋ ሄድኩ። የፍቅር ታሪክ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለች ልጅ፣ ግንድ በወንዝ እያንሳፈፈ ወደ ባሕር የሚወስድ ጎረምሳ፣ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄዷል።

«አክስቴ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ ፍቅር? ሰው ምን ይለኛል!»

«ለካፒቴኑ ነው ይበሉ።»

አላመሰገንኩትም። ጫፉን ብቻ ነገርኳቸውና ዝም አልኩ። ጭልፋውን አስቀምጠው እጃቸውን በሎንጂ ሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሉኝ።

ነሐሴ 13

ጉድ! ጣሪያው ሌሊት ተሸንፎ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ በሰበሰ። ቀኑን ሙሉ ስፌት ስፈታ ዋልኩ።

እኛ ማከራያዎች ወፍራም ልብ ወለድ ሙሉውን አናከራይም። አባቴ እንዳስተማረኝ መሃሉን በቢላ እሰነጥቀዋለሁ፣ ሁለቱን ለየብቻ እሰፋቸዋለሁ፣ ካርቶን አልብሼ በላስቲክ እሸፍናለሁ። አንዱ መጀመሪያውን ሲያነብ ሌላው መጨረሻውን ያነባል። ደራሲዎቹ ቢያዩን ያለቅሱ ነበር።

አሁን ካርቶኑ ሁሉ ረጥቦ ወጥቷል። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ታሪክ ሰቅያለሁ። ፍቅሩም ወንጀሉም መንፈሱም ጎን ለጎን ይንጠባጠባል።

ነሐሴ 15

ስሰፋ ዋልኩ። ወስፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ከቢሉ ደሴት ዶ ታን ሜ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ትመጣለች፤ ለወር የሚሆናትን ተከራይታ ነው የምትሻገረው። «ጀልባው ሊሄድ ነው፣ ቶሎ በይ! ቶሎ በይ!» አቻኮለችኝ። «ሬሳው በጋኑ ውስጥ» የሚለውን የወንጀል ታሪክ ሁለቱንም ክፍል ፈለገች። ሁለተኛውን በቆመችበት ሰፍቼ፣ ካርቶን አልብሼ ሰጠኋት።

ነሐሴ 19

ዶ ንዌ ዪን የ«ማዶዋ ልጅ»ን መጀመሪያ ክፍል ጨርሰው ሁለተኛውን ወሰዱ። ካፒቴኑ አሁንም ግድግዳውን እያዩ ነው። ግን እሳቸው... ጉንጫቸው ላይ ለውበት የሚቀባውን የታናካ ዱቄት ተቀብተዋል! ከስንት ጊዜ በኋላ!

«ጎረምሳው ይመለሳል?»

«አልናገርም።»

«ካልተመለሰ ወዮልሽ።»

ዘንድሮ ያየሁት ትልቁ ደስታ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዲት የሞሂንጋ ሻጭ አንባቢ ሆነች። ካፒቴኑ ቢያውቁ!

ነሐሴ 22

ሱቁን ሳልዘጋ ነው የምጽፈው።

ዶ ንዌ ዪን ከሰዓት በኋላ እየሮጡ መጡ። ጃንጥላ የለ፣ ጫማ አንዱ ብቻ። ይስቃሉ ወይስ ያለቅሳሉ? መለየት አቃተኝ። ሰውየው ሞቱ ብዬ ክው አልኩ።

«ተናገረ! ተናገረ ልጄ!»

አስቀመጥኳቸው። ቀስ እያሉ አወሩኝ።

ሁለተኛውን ክፍል ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። መርማሪ ፖሊስ ግቢ ገባ። የጋኑን ክዳን ከፈተ። ጋኑ ውስጥ የሴት ሬሳ አለ...

«ልጅቷ ናት ብዬ! የኔ ምስኪን! ስትጠብቀው፣ ስትጠብቀው ገድለው ጋን ውስጥ ከተቷት ብዬ! እንባዬ ገጹ ላይ ይወርዳል፣ ፊደሉ አይታየኝም፣ ግን ማቆም አቃተኝ። ማን ገደላት? እያልኩ አነባለሁ፣ አለቅሳለሁ። ያ ሰውዬ ከግድግዳው ዞረ። አየኝ። እጄን ያዘኝ። "እ... እሷ አይደለችም" አለኝ።»

«እንደዚያ አሉ?»

«"አ... አታልቅሺ። እሷ አይደለችም። መ... መጽሐፉ ተሳስቷል።" እንደዚህ አለኝ። በአፉ!»

ሁለታችንም ተቃቅፈን ተላቀስን። ደጅ ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ሄደ መሰለኝ። ይሂድ!

መጽሐፉን ስቀበላቸው ወዲያው ገባኝ። ሽፋኑ «የማዶዋ ልጅ» ነው። ውስጡ «ሬሳው በጋኑ ውስጥ» ነው። ከገመዱ ላይ ሳወርድ አማታሁት። ያንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት፣ ያንድ ዓይነት ቁመት... አባቴ ቢያየኝ በወስፌው ነበር የሚወጋኝ።

ካፒቴኑ ያላነበቡት መጽሐፍ እዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በስህተት።

ነሐሴ 23

ኮ ሚያት ሲሰማ አበደ። «እንቀጥላ! የምግብ አሠራሩን ከመናፍስቱ ጋር ስፊው! ሽንኩርቱን ሲከትፉ እጅ ይወጣል!»

እውነት ለመናገር ወስፌውን አንስቼ ነበር። ከዚያ ዶ ንዌ ዪንን አሰብኩ፤ አንድ ጊዜ በእውነት ያለቀሱትን። መልሼ አስቀመጥኩት። ሰው ሆን ተብሎ አይታለልም፤ በተለይ እንደ ካፒቴኑ ያለ አንባቢ። ገና ክሩን ሲያይ ያውቅብኛል።

ነሐሴ 25

ችግር ሌላ ነው። ዶ ንዌ ዪን እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል ፈለጉ። ያ ደግሞ በወንጀሉ ሽፋን ተሰፍቶ ቢሉ ደሴት ነው ያለው፣ ዶ ታን ሜ ጋ! ወንዙ ተቆጥቷል፤ ጀልባ ቆሟል። መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም።

«ታዲያ እኔ እስከዚያ ምን ልሁን?» አሉኝ። «ሾርባውን ሳማስል የማስበው እሱን ነው። ትናንት ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። ሰው ተቆጣኝ።»

«መጨረሻውን እኔ ልንገርዎት?» አልኩ። እኔም ካነበብኩት ዘመን የለውም፤ ድንግዝግዝ ነው የሚለኝ። ያዘነች ትመስለኛለች... ወይስ?

ቆሙ። ትንሽ አሰቡ።

«አይ፣ አትንገሪኝ። የሚያውቅ ሰው ቤቴ ተኝቶ የለ?»

ምን ዓይነት ሴት ናቸው!

ጳጉሜ 1

ጀምረዋል! ዶ ንዌ ዪን ትናንት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ወይ ትነግረኛለህ፣ ወይ ነገ ሞሂንጋውን ያለ ዓሣ ነው የምሸጠው፤ ስም ያንተ ነው የሚጠፋው» አሏቸው። ካፒቴኑ ቀና ብለው ትራሱን ተደገፉ። ከዚያ «ል... ልጅቷ ወደ ወንዙ ወረደች» አሉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ላብ አጠመቃቸው አሉ። ዶ ንዌ ዪን ግን ተንኮላቸው! «ከዚያስ?» አላሉም። «ምን ለብሳ?» ነው ያሉት።

«አ... አረንጓዴ።»

ጳጉሜ 4

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። እሳቸው ከሰዓት በኋላ ይሰማሉ፣ በማግስቱ ጠዋት ሞሂንጋው ጋ ለእኔ ይነግሩኛል። መምህርት ኦን ዪም ሰምታ መምጣት ጀምራለች። ልብ ወለድ የማትወደዋ! ትናንት «ዛሬስ? ደረሰ?» ብላ ሾርባዋን እስኪበርድ ትታ ነው ያዳመጠችው።

«ውሸት አይደለም እንዴ መምህርት?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ስሚ።»

መስከረም 3

ታሪኩ አለቀ። ዶ ንዌ ዪን ሲነግሩኝ ሾርባው ገነፈለባቸው፤ ዞር ብለውም አላዩትም።

ጎረምሳው ተመለሰ! ስንት ዓመት ቆይቶ። ደን ውስጥ በወባ ታሞ ድምፁ ጠፍቶበታል። ሲመሽ ጭጋግ ነው። እሱ ጀልባ ላይ፣ እሷ ማዶ። ዞራ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው። ሊጠራት አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። እንደገና ይከፍታል፣ የለም። ከዚያ መቅዘፊያውን አንስቶ የጀልባውን ጎን ይመታል። ይመታል። ይመታል። ቆመች። ዞረች። ማን እንደሆነ አወቀች።

«በድምፁ ሳይሆን በምቱ ለየችው» አሉ ዶ ንዌ ዪን። «ደራሲው እንዴት ያለ ሰው ነው!»

አለቀስኩ። ኮ ሚያትም አለቀሰ፤ የሽንኩርቱ ነው አለ። ሽንኩርት ማንም አልከተፈም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄንን መቅዘፊያ እንዴት ረሳሁት? እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?

መስከረም 16

ወንዙ በረደ። ዶ ታን ሜ ከደሴቱ መጣች፣ ሁለቱንም ክፍል ይዛ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል አፌን ዘጋችው።

«ምን የመሰለ መጽሐፍ ነው የሰጠሽኝ! ገዳዩ ባይገኝም ግድ የለም። የመጨረሻው ግን አንጀቴን በላው። እንዲህ ያለ የወንጀል ታሪክ አይቼ አላውቅም።»

እኔም አላየሁም።

እሷ ስትሄድ ሱቁን ዘጋሁና ስፌቱን ፈትቼ አነበብኩ።

መቅዘፊያ የለም። ጭጋግ የለም። ወባም የለም። ልጅቷ አርጅታ በጀልባ ስትሻገር ሰውየው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፣ ከሚስቱና ከልጁ ጋር። አላወቃትም። ፊቷን በጃንጥላዋ ሸፈነች። ወረደች። አለቀ።

ካፒቴኑ ረስተው ነው? አይደለም። እሳቸው ያነበቡትን አይረሱም፤ የባቡሩን ገዳይ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ የጠቆሙ ሰው ናቸው። እያወቁ ነው የለወጡት። ድምፅ የጠፋበት ሰው... እጁ ያገኘውን ይዞ ሲያንኳኳ... ስንት ቀን ያህል በዚያ በከበደ ምላስ ቃል ከቃል እየቀጠሉ ሲገነቡት ነበር! ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እንዲህ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም።

መስከረም 17

አሁን ምን ላድርግ? መጽሐፉን በትክክለኛው ሽፋን ሰፍቻለሁ። ዶ ንዌ ዪን ቢጠይቁኝስ? የለም ልበል? አከራይ ነኝ፤ ደንበኛ የጠየቀውን መጽሐፍ ደብቄ አላውቅም። ብሰጣቸው ደግሞ... ባላቸው እንደዋሿቸው ያውቃሉ። ካፒቴኑ ከተዋረዱ ደግሞ ተመልሰው ወደ ግድግዳው ቢዞሩ? ሻይ ቤቱ አንድ ጊዜ አዞራቸው። ሁለተኛ ማን ይመልሳቸዋል?

ለማንም አልነገርኩም። ለኮ ሚያት መንገር ለመንደሩ መንገር ነው።

መስከረም 24

ጠየቁ።

«ዶ ታን ሜ መጥታ ነበር አሉ። እስቲ ያንን ሁለተኛ ክፍል ስጪኝ።»

«መጨረሻውን ሰምተውት የለ? ሌላ ልስጥዎት። የሚያስቅ አለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ...»

«በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ። መቅዘፊያውን።»

መቅዘፊያውን! ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሰጠኋቸው። ምን ማድረግ እችል ነበር? ከነጃንጥላቸው ሲሄዱ በበሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው።

መስከረም 28

መለሱት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ደህና ነው» አሉ። ሌላ ምንም። ሞሂንጋ ሊሸጡ ሄዱ።

ደህና ነው? ምኑ ነው ደህናው?

ጥቅምት 2

ሙሉ ጨረቃ። ሱባኤው አለቀ። በየደጁ ሻማ በርቷል። እንደ ልማዳችን ለሽማግሌዎች ልንሰግድ ዞርን። እኔ፣ ኮ ሚያትና መምህርት ኦን ዪ ሙዝና ሳሙና ይዘን ካፒቴኑ ቤት ገባን። ተንበረከክን። ይቅርታ ጠየቅን። ሽማግሌው መመረቅ አለባቸው፤ ያለ ምርቃት አይነሳም።

ጠበቅን። የኮ ሚያት ጉልበት ተንቋቋ። ካፒቴኑ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ዶ ንዌ ዪን ከጎናቸው ናቸው፤ አላገዟቸውም።

«ጤ... ጤና ይስጣችሁ። ዕ... ዕድሜ ይስጣችሁ። የሚ... የሚነበብ አያሳጣችሁ።»

እንዲህ ያለ ምርቃት ተመርቄ አላውቅም። ግንባሬ ወለሉ ላይ እንዳለ ቀረ፣ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

ጥቅምት 7

ኡ ሳን ፕዊንት ዛሬ መጡ! ከዘራ ይዘው፣ ዶ ንዌ ዪን ክንዳቸውን ደግፈው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ይየው።

የሰርጉ ወቅት ተከፍቷል። አንዲት የታጨች ልጅ ገባችና «የፍቅር መጽሐፍ አለ?» አለች። አፌን ልከፍት ስል ተውኩት። ወደ አግዳሚው ተመለከትኩ።

«ም... ምሳ ምን በላሽ?» አሏት ካፒቴኑ።

ልጅቷ ግራ ገባት። ቃላቸው ሲጎተት ስትሰማም ትንሽ ወደ ኋላ አለች። እሳቸውም አዩዋት። ግን አልተነሱም። «የማዶዋ ልጅ»ን አስወርደው መናገር ጀመሩ። ቀስ እያሉ። ልጅቷ መጀመሪያ ቆማ፣ ከዚያ ተቀምጣ፣ ከዚያ አገጯን በእጇ ደግፋ። ጫፉን አሳይቶ ዝም የሚለው ሰው ዛሬ ዝም ማለት አልቻለም፤ ወንዙ ጋ ደረሱ፣ ጭጋጉ ጋ ደረሱ። ሰውየው አፉን ከፈተ፣ ድምፅ የለም...

ልጅቷ አላስቻላትም። «ይሄ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው ያለው? እሱንም ልውሰዳ!»

ካፒቴኑ ወሬያቸውን አቋረጡ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። እኔም መደርደሪያው ጋ እጄ እንደተዘረጋ ደረቅኩ።

ዶ ንዌ ዪን ከበሩ ሆነው መለሱ፣ እዚያው ባላቸው ፊት።

«ሁለተኛው ክፍል አያስፈልግሽም ልጄ። እኔ አንብቤዋለሁ። የእሱ ይሻላል።»

ካፒቴኑ ሚስታቸውን አዩ። ብዙ አዩዋቸው። ጆሯቸው እስኪቀላ። ይነሱ ይሆን? ተመልሰው ወደ ግድግዳው ይዞሩ ይሆን?

«የ... የት ደርሼ ነበር?» አሉ።

«መቅዘፊያውን አንስቶ ነበር» አሏቸው ዶ ንዌ ዪን።